ሐተታ በእንተ ዋዜማ ምዘና፦ የአቃቂ ቃሊቲ በያጆች ለሲኦሲ ስለሚሰናዱበት ሥርዓት

መቅድም

ቀደምት ሊቃውንት ስለ ከዋክብት ዑደት፣ ስለ ነፍስ ባሕርይና ስለ ዘመን አቈጣጠር አያሌ ድርሳናትን ቢያበረክቱም፣ አንድ በያጅ ለሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ሊቀርብ ሦስት ቀን ሲቀረው ስለሚያሳየው ጠባይ በወጉ የመረመረ አላገኘንም። ይህ ሐተታ ያንን ክፍተት ይደፍናል፤ አንባቢም እንደ ነገሩ ክብደት፣ ከተቻለ ተቀምጦ እንዲያነበው እናሳስባለን።

ምዕራፍ አንድ፦ ስለ ምድሪቱ ጠባይ

ጥናቱ በአቃቂ ቃሊቲ መከናወኑ በአጋጣሚ አይደለም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ወደ ከተማዋ የዘለቀው በአቃቂ በኩል ነው፤ መለዋወጫ የሚቀልጥበትና ቱቦላሬ የሚታጠፍበት ፋብሪካም የተተከለው በዚሁ አካባቢ ነው፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የሰሜን ደቡብ መስመርም ቃሊቲ ሲደርስ ይቆማል። ብረት የሚገባባት፣ ብረት የሚሠራባት፣ በብረት ላይ የሚሄደውም የሚያበቃባት ምድር በያጅን ብታበቅል የሚያስደንቅ አይሆንም። ከዚህም በላይ ከሀገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ አባ ሳሙኤል፣ የተሠራው በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው፤ ይህ ግን በምዘና ዋዜማ መብራት ሲጠፋ ሻማ ከመግዛት ማንንም አላዳነም።

ምዕራፍ ሁለት፦ ስለ ተሰናጂዎች ነገድ

ተሰናጂዎች በሦስት ነገድ ይከፈላሉ።

ቀዳሚዎቹ ነባብያን ናቸው። እነዚህ ከሀንድአውት ፎቶኮፒ የማይለዩ ሲሆኑ፣ ፎቶኮፒውም በበኩር ቅጂ፣ በልጅ ቅጂና በልጅ ልጅ ቅጂ ይመደባል። በልጅ ልጅ ቅጂ ላይ የብየዳ ማሽኑ ሥዕል ወደ ጥቁር ደመናነት ይለወጣል። ከተሰናጂዎች አንዱ የስቴፕለር ሽቦውን ጥላ ማሳ የሚባለው ገመድ መስሎት በቃሉ ሲያጠና፣ ከነዝገቱ ሲያብራራም ተገኝቷል።

ካልኣዮቹ ሰማዕያን ናቸው። እነዚህ አያነቡም፤ “ምን ይመጣል?” ብለው ይጠይቃሉ። የዕውቀታቸው ምንጭ በቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ የሚጠጣ፣ ባለፈው ዙር የተፈተነ ሰው ሲሆን፣ የምንጩ ተአማኒነትም ሻዩን ማን እንደከፈለ በመመልከት ይመዘናል። የዚህ ሰው ቃል ዘወትር አንድ ነው፦ “ቀላል ነው።” እርሱ ራሱ ለምን እንደወደቀ ግን አልተጠየቀም፤ ቢጠየቅ ነውር ነውና።

ሣልሳውያኑ ልማዳውያን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በበርና በመስኮት ብየዳ የፈጁ፣ ምዘናን እንደ ስድብ የሚቈጥሩ። ከእነርሱ አንዱ፦ “እኔን ማን ይመዝነኛል? የመዛኙን የግቢ በር የበየድኩት እኔ ነኝ!” ሲል ተሰምቷል። ይህ ሙግት በሥነ አመክንዮ ረገድ ነቀፋ ባይገኝበትም በመዛኙ ቅጽ ላይ የሚሞላበት ሣጥን የለውም። ቅጹ የሚጠይቀው ጓንት አጥልቀሃል ወይ፣ ገመዱን ፈትሸሃል ወይ፣ ማስክ አድርገሃል ወይ ብሎ ነው። ልማዳዊው ግን በፀሐይ መነጽር በይዶ፣ ሌሊት ዓይኑን አሸዋ እንደገባበት ሲቈረቍረው ለማደር የለመደ ነው፤ የብየዳ ጨረር ልምድ አይቶ እንደማያልፍ ከእርሱ ሌሊት በላይ ማስረጃ አይገኝም።

ምዕራፍ ሦስት፦ ምሥጢረ 6013

በኤሌክትሮድ ካርቶን ላይ የተጻፈው ኢ6013 በአቃቂ ሁለት ትርጓሜ አለው። እንደ ነባብያኑ ትርጓሜ፣ ኢ ኤሌክትሮድ መሆኑን፣ 60 የብየዳው ብረት በኢንች ካሬ 60 ሺህ ፓውንድ ስበት የመቋቋም አቅሙን፣ 1 በአግድም ሆነ በቁም፣ ከራስ በላይም ጭምር ለመበየድ መፈቀዱን፣ 3 ከፊቱ ካለው ቁጥር ጋር ተነቦ የልባሱንና የኮረንቲውን ዓይነት ያመለክታል።

እንደ ሰማዕያኑ ትርጓሜ ግን ጡረታ በ60 ዓመት፣ ዓመቱም 13 ወር ነው። ይህ ብልሃት ቁጥሩን ከአእምሮ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ሲሆን፣ ጕድለቱ ኢ7018 ሲመጣ ይገለጣል፦ ተመዛኙ በ70 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣበት፣ ዓመቱም 18 ወር የሚሆንበት ሀገር ፍለጋ ላይ እያለ ሰዓቱ ያልቃል።

ምዕራፍ አራት፦ ፍካሬ ዘ“ገና”

የምዘና ውጤት ሁለት ነው፦ “ብቁ” እና “ገና ብቁ ያልሆነ”። ተመዛኝ አይወድቅም፤ ገና ነው። ይህ ቃል እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ ቢኖረውም፣ የትኛው ሰም የትኛው ወርቅ እንደሆነ በየቤቱ ይለያያል።

ያ የስቴፕለሩን ሽቦ ጥላ ያጠናው ተመዛኝ ውጤቱን ለእናቱ ሲያነብ፣ እናቲቱ “ገና” የሚለውን ሰምተው በዓሉ መሰላቸው። “ተመስገን፣ ልጄ በገና ብቁ ይሆናል” ብለውም ለጎረቤት አወሩ። ትርጓሜያቸው ከሰዋስው ቢርቅም ከቅጹ መንፈስ አልራቀም፤ ሁለቱም የሚሉት ጠብቅ ነው። ሆኖም የትርጓሜው ተከታዮች አንድ ነገር እንዲያስተውሉ ግድ ይላል፦ ገና በታኅሣሥ 29 ቢውልም በዘመነ ዮሐንስ በ28 ስለሚከበር፣ በዚያ ዓመት የሚመዘን በያጅ አንድ ቀን ቀድሞ ብቁ ይሆናል።

መደምደሚያ

ልጁ ማስክ ገዝቶ፣ ማሳውን ከስቴፕለር ለይቶ፣ ዳግም ለመመዘን ተመዝግቧል፤ ቀጠሮውም ለጥር ነው። እናቲቱ ለምርቃቱ ያሰሩት ዶሮ ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በገና ታርዷል። ከተመዛኞች ሁሉ ገና ያልተባለ እርሱ ብቻ ነው።