ይህ ቢል አይደለም

በእኛ ሰፈር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እንግሊዝኛ ደብዳቤ የደረሳቸው እናቶች ከቅዳሴ በኋላ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ፖስታውን ያቀብሉኛል። እኔም መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አውርጄ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "ምንም አይደል፣ ማስታወቂያ ነው" እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ ስለሚሆን ዝናዬ ሳይነካ ኖሯል። እውነቱን ከተናገርኩ ግን ከሁለተኛው አንቀጽ አልፌ ያነበብኩት ደብዳቤ ትዝ አይለኝም። የእኔ ሙያ ማንበብ ሳይሆን ያነበበ ሰው ፊት ማሳየት ነው።

እናቴ ልትጠይቀኝ በመጣች ጊዜ ይህ ሙያ ዋጋውን አስከፈለኝ፤ በየወሩ።

አክስቴ ሮም ለመሄድ ቪዛ ስትጠይቅ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ማቅረብ ነበረባት። የሸንገን ደንብ ነው። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። ስለዚህ ለእናቴ ኢንሹራንስ የገዛሁት ማንም ሳያስገድደኝ ነው፤ ይህንንም ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ተናግሬያለሁ። የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ "እማዬ ሙሉ ኢንሹራንስ አላት" ብዬ ጻፍኩ። ምርቃቱ እስከ ማታ ሲወርድልኝ ዋለ። ውሉ የሚለው ሌላ ነበር፦ የመጀመሪያው 250 ዶላር ከእኛ ኪስ፣ ከዚያ በኋላ እስከ 5,000 ዶላር ድረስ ካለው ሒሳብ 80 በመቶው ከኩባንያው፣ 20 በመቶው አሁንም ከእኛ፤ ከአገሯ ይዛው የመጣችው የደም ግፊት ደግሞ ድንገት ካልተነሳባት በቀር አይሸፈንም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። ስገዛ ያነበብኩት ዋጋውን ብቻ ነበር።

ክፍያው ከካርዴ ላይ በራሱ እንዲቆረጥ ፈቀድኩ፤ ከማንበብ የሚገላግል ነገር ሁሉ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ደሞዝ በገባ ማግስት ነበር የሚቆርጠው። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እየሳበ መጥቶ ደሞዙን ቀደመው፤ ሒሳቤም ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ባንኩ ጋ ደውዬ ጮህኩ። የባንኳ ልጅ በትዕግስት "ጌታዬ፣ ክፍያው እኮ በየ28 ቀኑ ነው" አለችኝ። ኢንቮይሱን ከፍቼ ሳየው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ ከላይ በደማቁ ተጽፏል፤ አራት ሳምንት። "ወር" ያልኩት እኔው ነኝ። በዚህ አቆጣጠር እናቴ ዓመት ብትቀመጥ 12 ሳይሆን 13 ጊዜ እከፍላለሁ ማለት ነው። ይህን ከሌላው ሰው ሁሉ ቀድሞ ሊነቃበት የሚገባው በ13 ወር ካሌንደር ያደገ ሰው ነበር! ለነገሩ የእኛዋ ጳጉሜን ደግ ናት፤ ደሞዝ ባይከፈልባትም የቤት ኪራይ አይጠየቅባትም። የኩባንያው 13ኛ ወር ግን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ሙሉ ነው፤ ዋጋውም ሙሉ።

በፍልሰታ ጾም፣ በዚያ የነሐሴ ሙቀት፣ እናቴን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አዞራት። ኢመርጀንሲ ይዣት ሄድኩ። ደም ቀዱ፣ የልብ ምርመራ አደረጉ፣ በክንዷ ፈሳሽ ሰጧት፣ ውሃ ጠጪ ብለው ሸኙን። እናቴ "ውሃ ጠጪ ለማለት ነው ይህ ሁሉ?" አለች። እኔም ዘና ብዬ "አታስቢ፣ ኢንሹራንስ አለሽ" አልኳት።

ከዚያ ፖስታው መዝነብ ጀመረ። የአሜሪካ ሕክምና አንድ ቀን ታመህ አንድ ቢል የሚመጣበት አይደለም፤ ሆስፒታሉ ለብቻው፣ ሐኪሙ ለብቻው፣ ላብራቶሪው ለብቻው ይልካል። በዝርዝሩ ላይ 99284 የሚል ቁጥር አየሁና ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። መኪናዬን ብሸጥ፣ ከእቁቡ ቀድሜ ብወስድ፣ እያልኩ ሳሰላ አመሸሁ። ለካ 99284 ዋጋ አይደለም፤ የኢመርጀንሲ ምርመራ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የሚገለጽበት መለያ ቁጥር ነው፤ ከ99281 እስከ 99285 ድረስ ይሄዳል። ዋጋው በሌላ ዓምድ፣ በጣም ባነሰ ቁጥር ተቀምጧል። እሱን ሳይ ከደስታዬ የተነሳ ቀሪውን ሳላነብ ተውኩት።

በዚያው ሰሞን ከኢንሹራንሱ አንድ ወረቀት መጣ። የሒሳብ ማብራሪያ ነው፤ ሆስፒታሉ ስንት እንደጠየቀ፣ ኩባንያው ስንት እንደሚከፍል ይዘረዝራል፤ አናቱ ላይ "ይህ ቢል አይደለም" ይላል። በሕይወቴ እንደዚህ ደስ ያለኝ ዓረፍተ ነገር የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጣውን ፖስታ ሁሉ ቢል አይደለም እያልኩ ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ እከተው ነበር፤ ቢሎቹን ጭምር። እናቴ "ምንድን ነው ልጄ?" ስትለኝ መልሱ አፌ ላይ ነው፦ "ማስታወቂያ ነው፣ እማዬ።"

እናቴ አገሯ ገባች። መሳቢያው አልዘጋ አለ። በመጨረሻ ኮሌክሽን ገባብኝ፤ የሆስፒታሉን ዕዳ የሚያስከፍል ድርጅት ስልክ ደወለ። ስልክ እንደ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አይገባም። በድንጋጤ የባንክ ሒሳቤን ስፈትሽ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ፤ የኢንሹራንሱ ክፍያ አሁንም በየ28 ቀኑ ይቆረጣል። እናቴ አዲስ አበባ ሽሮዋን እየበላች እኔ ሜሪላንድ ተቀምጬ ለጉዞዋ እከፍላለሁ፤ ያውም በገዛ አገሯ ለማይሠራ ውል። "በራሱ ይቁረጥ" ያልኩት እኔ፣ "ይብቃ" ማለት የነበረብኝም እኔ።

ኩባንያው ጋ ደወልኩ፤ ልሰርዝም፣ ልቆጣም። ስልኩን ያነሳችው ሴት ለማረጋገጫ የእናቴን የትውልድ ቀን ጠየቀችኝ። ፓስፖርቷ ላይ ያለውን፣ ማርች 1957ን ነገርኳት። "ከመዝገባችን ጋር አይገጥምም" አለች። ይገጥማል አልኩ። አይገጥምም አለች። ድምፄን ከፍ ካደረግሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ስገዛ ፓስፖርቱን ከስልኬ ላይ ለመፈለግ ሰንፌ፣ ከልጅነቴ የማውቀውን 1949ን በቃሌ ሞልቼዋለሁ። የእኛን 1949 ለፈረንጅ ካሌንደር ሰጥቼ እናቴን በ8 ዓመት አስረጅቻታለሁ።

ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። በ60ዎቹ ውስጥ ላለች ሴት የ70ዎቹን ዋጋ ስከፍል ከርሜያለሁ። የሆስፒታሉ ቢል ያልተከፈለበትም ምክንያት ይኸው ነበር፤ ሆስፒታሉ የላከው የትውልድ ቀንና እነሱ ጋ ያለው ስላልገጠመ የፓስፖርት ኮፒ እንድልክ ደጋግመው ጽፈውልኛል። ደብዳቤዎቹ የት እንዳሉ አውቃለሁ። እናቴ ከሄደች በኋላ የተቆረጠውን እንዲመልሱልኝ ስጠይቅ ደግሞ በውሉ መሠረት የሕክምና ወጪ ጥያቄ ከቀረበ በኋላ ተመላሽ የለም አለችኝ። ገጹንም ጠቀሰችልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገልጬ አነበብኩት፤ እውነቷን ነው።

ኮፒውን ልኬ፣ ውሉን ሰርዤ፣ ለእናቴ ደወልኩና አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

"ገንዘቡስ ይሁን" አለች። "ሰባ ስድስት ናት ብለህ ነው የጻፍከው?"

"ተሳስቼ ነው እማዬ፤ ተስተካክሏል።"

"ለአክስትህ እንዳትነግራት። ማናችን ታላቅ እንደሆንን እስካሁን አልተስማማንም።"