የፒታ እግር

መጽሐፉን አንብቦ ፊልሙን ከሚያይ ሰው ጎን መቀመጥ ጣጣ ነው። ገና ፊልሙ ሳይጀምር «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም» ማለት ይጀምራል። የባሰው ጣጣ ግን እንዲህ ዓይነት ሁለት ሰዎችና መጽሐፍ በዓይኑ የማይወድ አንድ ጎረምሳ አንድ ሶፋ ላይ ሲገጥሙ ነው። እሁድ ከሰዓት አክስቴ ቤት የገጠመኝ ይኸው ነው። አንባቢዎቹ እኔና የእህቴ ልጅ ነን፤ ጎረምሳው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ከቤቲንግ ቤት ደጃፍ አይጠፋም። አክስቴ ቡና ታፈላለች።

ፊልሙ «ዘ ሀንገር ጌምስ» ነው። ሱዛን ኮሊንስ መጽሐፉን በ2008 እ.ኤ.አ. አወጣችው፤ በ2012 ጋሪ ሮስ ፊልም አደረገው። ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው፦ ከሰሜን አሜሪካ ፍርስራሽ ላይ የበቀለች ፓኔም የምትባል አገር አለች። ዋና ከተማዋ ካፒቶል ጠግባ ታድራለች፤ 12ቱ ወረዳዎች ይገብሩላታል። ድሮ አምጸዋልና ቅጣታቸው አላበቃም፤ በየዓመቱ ከየወረዳው ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዕጣ ይወጣሉ። 24ቱ ልጆች አንድ ብቻ እስኪቀር ይገዳደላሉ፤ አገሩ በቴሌቪዥን ያያል። የ16 ዓመቷ ካትኒስ ኤቨርዲን የታናሽ እህቷ የፕሪም ስም ሲወጣ «እኔ ልሂድላት» ብላ ትገባለች።

ፊልሙ ተጀመረ። ካሜራው ይንቀጠቀጣል። አክስቴ ረከቦቱ አጠገብ ሆና «ቀራጺውን ወባ ይዞታል እንዴ?» አለች። ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን አስረዳኋት፤ ልጅ ልጅን ሲገድል አፍጥጦ ማሳየት ይከብዳል፣ ስለዚህ ካሜራው ሮጥ ሮጥ እያለ ደሙን ይሸፍነዋል። እንዲያም ሆኖ እንግሊዞች ከ15 ዓመት በታች ያሉትም እንዲያዩት 7 ሰከንድ ያህል አስቆርጠውበታል። አክስቴ ግን ወደ ሌላ ጥያቄ አልፋለች፤ «ይቺ ልጅ ምን በልታ ነው እንዲህ የምትሮጠው?»

እኔና የእህቴ ልጅ ተያየን። ጥያቄው የመጽሐፉ ልብ ነው። ካትኒስ የራሷን ታሪክ ራሷ ስለምትተርክ አንባቢው ውሎ አዳሩ ከሆዷ ጋር ነው። አባቷ በከሰል ማዕድን ፍንዳታ ሞቷል፤ እናቷ በሐዘን ተኝታ ቀርታለች፤ ካትኒስ በ11 ዓመቷ በዝናብ የሰው ቆሻሻ መጣያ ትፈትሻለች። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ፒታ ዳቦ አሳርሮ በእናቱ ከተመታ በኋላ ያንኑ ዳቦ ይወረውርላታል። ፊልሙ ይህንን ቆራርጦ በጨረፍታ ያሳየናል። ፒታ ዳቦውን ሲጥል እናያለን፤ እቤት ወስደው ሲበሉት አናይም።

ይልቁን የዕጣው ነገር ይብሳል። መጽሐፉ ላይ 12 ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ስሙ አንድ ጊዜ ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ በየዓመቱም አንድ ይጨመርበታል። ድሃ ከሆነ ግን ስሙን በትርፍ አስገብቶ ለአንድ ሰው ለዓመት የምትሆን ጥቂት እህልና ዘይት መውሰድ ይችላል። ካትኒስ ለራሷ፣ ለእናቷና ለእህቷ በየዓመቱ ስትወስድ ኖራ በ16 ዓመቷ ስሟ 20 ጊዜ ገብቷል፤ የጓደኛዋ የጌል 42 ጊዜ። ይህንን ሳስረዳ አክስቴ ሲኒውን አስቀመጠችው። «በእህል ሞት ይሸምታሉ በለኛ!» የሀብታም ልጅ ስም አንዳንዴ ብቅ ይላል፤ የድሃ ልጅ ግን ዕጣውን ራሱ ያበዛዋል፤ ከዚያ «ዕጣህ ነው» ይባላል። ፊልሙ ይህንን ያህል ነገር በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ዘልሎታል።

ፊልሙን ግን አልበድለውም። ካትኒስ የማታየውን ያሳየናል። ጨዋታውን የሚመሩት ሰዎች ንጹህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው እሳትና አውሬ በጣታቸው ሲለቁ የምናየው በፊልሙ ነው። ከወረዳ 11 ዕጣ የወጣባት ትንሿ ሩ ስትሞት መጽሐፉ ላይ የወረዳዋ ድሆች አዋጥተው ለካትኒስ ዳቦ ይልካሉ፤ ፊልሙ ላይ አደባባይ ወጥተው ያምጻሉ። ዳቦው ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ከሌላቸው ላይ ነውና የሰጡት። ጎረምሳው ደግሞ ከሶፋው ብድግ ያለው ለአመጹ ነው።

ጣጣው የመጣው ከካትኒስ ወረዳ ዕጣ የወጣበት ፒታ ታፋው ላይ በሰይፍ ቆስሎ ዋሻ ውስጥ ሲተኛ ነው። የእህቴ ልጅ «ይሄ ልጅ እግሩ አይተርፍም» አለች። ጎረምሳው «ይተርፋል!» አለ። በ200 ብር ተወራረዱ፤ ብሩን እኔ ዘንድ አስያዙ። አውሬዎቹ ተለቀው ልጆቹ መሮጥ ሲጀምሩ መብራት ሄደ።

ጠበቅን፤ አልመጣም። ሻማ በራ፤ መጨረሻውን ንገረን ተባልኩ። ነገርኳቸው። መጽሐፉ ላይ አውሬዎቹ የሞቱትን ልጆች ዓይን የያዙ ናቸው፤ የሩም ዓይን አለ። አክስቴ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ፒታን ባቱ ላይ ይነክሱታል፤ ካትኒስ ደሙ እንዲቆም አጥብቃ ታስረዋለች፤ ሕይወቱ ትተርፋለች፣ እግሩ ግን ተቆርጦ ሰው ሠራሽ ይገባለታል። እንዳስያዙኝ ብሩን ለእህቴ ልጅ አስረከብኩ፤ እሷም እዚያው ሱቅ ሄዳ ግማሹን ጨረሰችው።

መብራት መጣ። አውሬዎቹ ትልልቅ ውሾች ሆነው አረፉት። ፒታም በሁለት እግሩ ቆሞ አገሩ ገባ።

«ጋሼ፣ ብሬን!»

«መጽሐፉ ላይ ተቆርጧል።»

«የተወራረድነው በፊልሙ ነው!»

የእህቴ ልጅ መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ገጹን ገለጠች፤ እሱ ፊልሙን ወደኋላ መልሶ እግሮቹን ቆጠረ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አክስቴ ጮኸችባቸው፤ «እናንተም እንደዚያ ከተማ ሰዎች በሰው ልጅ ትቋመራላችሁ?» የቀረው ብርም ለቡና መግዣ ይሁን ብላ ፈረደች።

ኮሊንስ ሐሳቡ የመጣላት የቴሌቪዥን ጣቢያ ስትቀያይር፣ የወጣቶች ውድድርና የኢራቅ ጦርነት ወሬ ተቀላቅለውባት እንደሆነ ተናግራለች። ፊልሙን ስናይ የተቀመጥነው ከካፒቶል ሰዎች ጋር ነው፤ እነሱም እያዩ ይወራረዳሉ። መጽሐፉ ግን ከተመልካች ወንበር አስነስቶ ከምትራበው ልጅ ጋር ይከትተናል። ፍርዴ ይህ ነው፦ ኃይለኞቹን ለማየት ፊልሙ ይሻላል፤ የተራበችውን ልጅ ለማወቅ መጽሐፉ። መጽሐፉን አስቀድሙ። መወራረድ ካማራችሁ ደግሞ በየትኛው እንደሆነ መብራት ሳይሄድ ተስማሙ።