ደብተር፣ ዘፈንና የአርሲ እግር

ሥነ ጥበብ፣ ሳይንስ፣ መጽሐፍና የአደባባይ ዝና እምብዛም የማይጠያየቁ ጎረቤቶች ናቸው ተብሎ ይታሰባል፤ ይሁን እንጂ አራቱም ተሰብስበው በአንድ ጉዳይ ሲከራከሩ መስማት የሚሻ ሰው፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ከተቀመጠችው ከአሰላ አካባቢ የተነሣውን የሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴን የሩጫ ታሪክ ቢመረምር ምኞቱ ይሞላለታል። ሚያዝያ 10 ቀን 1965 ዓ.ም. የተወለደው ይህ ሯጭ ስለምን እንደዚያ እንደሚሮጥ ለማስረዳት ያልሞከረ የሙያ ዘርፍ ጥቂት ሲሆን፣ የሁሉም ማብራሪያ የሚጋራው ጠባይ ቢኖር እያንዳንዱ ባለሙያ ከገዛ ዕቃ ቤቱ ይዞት የመጣውን መሣሪያ በሯጩ አካል ላይ ማግኘቱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ምስክር ደብተር ነው። ኃይሌ በልጅነቱ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ሄዶ ያንኑ መንገድ እየሮጠ ይመለስ እንደነበር፣ ደብተሮቹንም በግራ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይይዝ እንደነበር፣ በዚህም ምክንያት ዓለም ካወቀው በኋላ እንኳ ግራ ክንዱ ከቀኙ ይልቅ ታጥፎ ወደ ጎኑ ተጠግቶ እንደቀረ የስፖርት ዘጋቢዎች ሳይሰለቹ ተርከውታል። የሰውነትን እንቅስቃሴ በሜካኒክስ ሕግ የሚያጠናው ባዮሜካኒክስ የተባለው ዘርፍ እንደሚያስተምረው፣ ሯጭ ክንዱን የሚያወዛውዘው እግሮቹ በተፈራረቁ ቁጥር በወገቡ ላይ የሚፈጠረውን ጥምዘዛ ለማመጣጠን ስለሆነ፣ ደንብ አጥባቂ አሠልጣኝ እንዲህ ያለውን ክንድ ቢያይ ለማቃናት እጁ ይበላው ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ የኬንያውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ፣ ይኸውም በዚያው ኦሎምፒክ በ100 ሜትር የወንዶች ፍጻሜ አንደኛውንና ሁለተኛውን ከለየው ልዩነት ባነሰ ጊዜ ስለነበር፣ ክንዱን ለማቃናት የደፈረ ሰው ቢኖር ኖሮ የሜዳሊያውን ዕዳ ማን ይሸከም እንደነበር ማሰብ ያስፈራል። ያም ሆነ ይህ፣ በቴሌቪዥን መስኮት ፊት የተቀመጠው ሕዝብ በሙሉ ባዶውን ብብት እያየ ደብተር በሐሳቡ ያስገባበት ስለነበር፣ አንድም ቀን ሳይገለጡ ይህን ያህል ተመልካች ያገኙ ደብተሮች ከአርሲ ውጭ ይገኛሉ ማለት ያጠራጥራል።

ሁለተኛው ምስክር ዘፈን ሲሆን፣ የመጣበትም አቅጣጫ ፈጽሞ ያልተጠበቀ ነው። ጆን ላርኪን በ1942 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተወለደ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በመንተባተብ የተቸገረ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር፤ ስካት የሚባለውን፣ ድምፃዊው ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት በፍጥነት እየደራረበ ጉሮሮውን እንደ መሣሪያ የሚጠቀምበትን የአዘፋፈን ስልት ይዞ፣ ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ስካትማን ጆን በሚል ስም በተጠራበት ዘፈን ዓለምን አስጨፈረ። ይህ ዘፈን የኃይሌ ተወዳጅ ሆነ፤ በየካቲት 15 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም በተደረገው የቤት ውስጥ ውድድርም ዘፈኑ በድምፅ ማጉያ እየተንቆረቆረ ኃይሌ 2,000 ሜትርን በ4 ደቂቃ ከ52.86 ሰከንድ ጨርሶ፣ የአየርላንዱ ኤመን ኮግላን አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀውን ክብረ ወሰን ሰበረ። አንደበቱ የሚደናቀፍ ሰው ያወጣው ዘፈን እግሩ የማይደናቀፈውን ሰው ማስሮጡ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው አርታኢው በቀይ እስክርቢቶ የሚሰርዘው ዓይነት አጋጣሚ ነው።

ሯጩ እርምጃውን ከዘፈኑ ምት ጋር አስማምቶ ሮጠ የሚለው ወሬ ግን በሒሳብ ሲፈተሽ ጥቂት ያንገዳግዳል። ዘፈኑ በደቂቃ 136 ምት ገደማ ያለው ሲሆን፣ አንዱን እርምጃ በግምት ሁለት ሜትር ያደረገ ሰው ግን ኃይሌ በደቂቃ ከሁለት መቶ በላይ እርምጃ እንደረገጠ ያሰላልና፣ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ይወድቃሉ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ትልቁ ቁጥር ለትንሹ ሲካፈል አንድ ተኩል ገደማ ይመጣል፤ ይህም በሁለት የዘፈን ምት ሦስት እርምጃ ማለት ነው። ስድስት ምትን አንዴ በሁለት፣ አንዴ በሦስት እየከፈለ በሚያጨበጭብ የቺክቺካ ዘፈን ላደገ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ደግሞ ይህ ምንም የሚያስቸግር ነገር አይደለም። ስሌቱ በግምት ላይ የቆመ ስለሆነ ማስረጃ ተብሎ ሊቀርብ አይችልም፤ ደስ የሚል መሆኑን ግን የሚከለክል የለም።

የሕግ ሰዎችም ከክርክሩ አልቀሩም። በአትሌቲክስ ደንብ ሯጭ በውድድር ላይ ራዲዮ ወይም ሌላ የሙዚቃ መሣሪያ ይዞ መሮጡ እንደ ያልተፈቀደ እርዳታ ይቆጠራል፤ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ የሚለቀቀው ዘፈን ግን ለቀዳሚውም ለተቀዳሚውም እኩል ስለሚሰማ ክስ አይመሠረትበትም። ሙዚቃ በስፖርት ላይ ያለውን ውጤት ለረጅም ጊዜ ያጠኑት የብሩኔል ዩኒቨርሲቲው ኮስታስ ካራጆርጊስ እንደሚያስረዱት፣ ሙዚቃ ቀላልና መካከለኛ እንቅስቃሴ ለሚያደርግ ሰው ድካሙን ያስረሳዋል፤ ጥረቱ እጅግ ሲከብድ ግን ሰውነት ራሱ የሚያሰማው እሮሮ ዘፈኑን ይውጠዋል። በመሆኑም ዘፈኑ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ክብረ ወሰን የመስበር አሳብ ለሌለው ተራማጅ ነው ማለት ነው። ክብረ ወሰኑ ራሱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. እዚያው በርሚንግሃም ውስጥ፣ የበቆጂው ልጅ ቀነኒሳ በቀለ በ4 ደቂቃ ከ49.99 ሰከንድ ስለሰበረው፣ ከአሰላ ተነሥቶ በዚያው በአርሲ ውስጥ ወዳለችው በቆጂ ለመድረስ በእንግሊዝ አገር በኩል መዞር ነበረበት።

ሲኒማ በበኩሉ በ1999 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ተመልካች በቀረበው ኢንዱራንስ በተባለው ፊልም ተሳትፏል፤ ሌስሊ ውድሄድ ያዘጋጀውን፣ ዲዝኒ ያሰራጨውን ይህን ፊልም ልዩ የሚያደርገው፣ ኃይሌ ራሱን ሆኖ መሥራቱ ነው። ሌሎች ተዋንያን ሯጭ ለመምሰል አሠልጣኝ ሲቀጥሩ፣ ይህ ተዋናይ መለማመድ የነበረበት ሩጫውን ሳይሆን ትወናውን ነበር።

በመጨረሻ የመጣው ሳይንስ ነው። ሮበርት ስኮት፣ ያኒስ ፒትሲላዲስና ባልደረቦቻቸው በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የማራቶን ሯጮች መካከል 73 በመቶው ከአርሲና ከሸዋ የመጡ ሲሆኑ፣ ለማነጻጸሪያ ከተመረጡት ሯጭ ያልሆኑ ኢትዮጵያውያን መካከል ግን ከእነዚህ አካባቢዎች የመጡት 15 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የማራቶን ሯጮቹ ወደ ትምህርት ቤት ሩቅ መንገድ ይጓዙ፣ ብዙዎቹም ይሮጡ እንደነበር ጥናቱ አክሎ አሳይቷል። ከፍታም ይጠቀሳል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በሚሳሳበት ደጋ የሚኖር ሰው ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ቀይ የደም ሕዋስ አብዝቶ ያመርታልና። ገብስ አምራች በሆነ አገር በሶም መመስገኑ አይቀርም።

እነዚህ ማብራሪያዎች ሁሉ እውነት የያዙ ቢሆኑም፣ ከአንድ ትልቅ የምስክር ወገን ቃል ሳይቀበሉ የተጻፉ ናቸው። በአርሲ ደጋ ያንኑ ስስ አየር እየተነፈሱ፣ ያንኑ በሶ እየበጠበጡ፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ያንኑ ያህል መንገድ የሮጡ፣ በመጨረሻም መምህር፣ ገበሬ፣ ነጋዴና ሒሳብ ሠራተኛ የሆኑ እጅግ ብዙ ሰዎች አሉ። የኃይሌን እግር የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ የእነርሱንም እግር ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ያን እስኪያደርግ ድረስ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ሙሉ ሮጦ አርፍዶ በመድረሱ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የተንበረከከው ተማሪ ለሳይንስ ከባለ ሜዳሊያው ያላነሰ ጥያቄ ሆኖ ይቆያል።