ሰባት ቁጥርን ያያችሁ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በተፈጥሮው ከሁሉ ከፍ ያለው መሬት ቴንሊታውን ሰፈር የሚገኘው ፎርት ሪኖ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 409 ጫማ፣ ማለትም 125 ሜትር ያህል ነው። እንጦጦን እያየ ያደገ ሰው ተራራ ብሎ ለመጥራት አፉ አይታዘዝለትም። የከተማዋ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ግን ያገኙት ተራራ ይኸው ነውና ማማዎቻቸውን በዚያው አካባቢ ተከሉ። ሐበሻ ከሚበዛበት ከሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ተነስቶ በቀጥታ ለለካው፣ እስከ ማማዎቹ ሰባት ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ከእነዚህ ማማዎች የሚነሳው የዲጂታል ሥርጭት ቀን ከሌሊት በየሰዉ ጣሪያ ላይ ያልፋል፤ ከማንም ሳንቲም አይጠይቅም። ከጣሪያው ሥር ያለው ሐበሻ ግን ለኬብሉ ይከፍላል፣ ለኢንተርኔቱ ይከፍላል፣ ኳስ ለሚያሳየው መተግበሪያ ይከፍላል፣ ለአገር ቤት ቻናሎችም ሌላ ሳጥን ገዝቶ ከቴሌቪዥኑ ሥር ይደረድራል። የትኛው ሪሞት የየትኛው ሳጥን እንደሆነ ለማወቅ ራሱን የቻለ ሥልጠና ያስፈልጋል።

ከመኪና ማቆሚያ ሥራ ጡረታ የወጡት ጋሼም ከከፋዮቹ አንዱ ነበሩ። አንድ ወር የኬብሉ ሂሳብ መጣና መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «ዜናና ኳስ ለማየት ይኼ ሁሉ?» አሉ። በማግስቱ ኬብሉን አስቆርጠው መስኮት ላይ የሚለጠፍ ስስ አንቴና ገዙ። ማሸጊያው ላይ «50 ማይል» ተብሎ ተጽፏል። ማማው ያለው አራት ማይል ላይ ስለሆነ ጋሼ የቀረውን 46 ማይል በትርፍ ያዙት።

ቴሌቪዥኑ ቻናል ፍለጋ ገባ። 4 ተገኘ፣ 5 ተገኘ፣ 20፣ 26፣ 32 ተገኙ። እያንዳንዱ ቁጥር ደግሞ ነጥብ እያስከተለ ይዋለዳል፤ 4.1 ዋናው ጣቢያ ሲሆን 4.2 ላይ የድሮ ተከታታይ ፊልሞች ቀኑን ሙሉ ይታያሉ። በዲጂታል አንድ ጣቢያ በተሰጠው 6 ሜጋኸርዝ ላይ በሰከንድ 19 ሚሊዮን ቢት ገደማ ስለሚያሳልፍ፣ ድሮ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ይበቃ የነበረው ቦታ ዛሬ አምስት ስድስት ያስተናግዳል። የቻናሉ ብዛት ከኬብሉ የሚተናነስ አልነበረም። 7 እና 9 ግን የሉም።

«ሰባት ቁጥርን ያያችሁ!» አሉ ጋሼ ወደ ኩሽና ዞረው። ባለቤታቸው አላዩም።

ጋሼ ከአንቴና ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ቴሌቪዥን የገባበት ቤት ሁሉ ጣሪያ ላይ የሚወጣ አንድ ልጅ አያጣም ነበር። በእነ ጋሼ ሰፈር ያ ልጅ እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ቆርቆሮው ላይ ሆነው «መጣ?» ይላሉ። ከታች «አልመጣም!» ይባላሉ። «አሁንስ?» «ትንሽ ወደ ኮተቤ አዙረው!» «አሁንስ?» «እዚያው ያዘው! እንዳትለቀው!» ያዘው የተባለ ልጅ ዜናው እስኪያልቅ ያዘው ነው። በእጁ ሲይዘው ጥርት የሚለው ሥዕል ሲለቀው ስለሚጠፋ፣ ከቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥን የማያየው እሱ ብቻ ነበር።

ያም ሆኖ አናሎግ እንደ ሰፈር ባለሱቅ ነበር፤ ጎደለኝ ሲሉት በዱቤ ይሰጣል። ሞገዱ ሲዳከም ሥዕሉ ይንሿሿል እንጂ ጨርሶ አይከለክልም። ሞገዱ ከሕንፃና ከተራራ እየነጠረ ሲመጣ እያንዳንዱ ተጫዋች ጥላ ይወጣለትና ሜዳው ላይ 44 ሰው ይሯሯጣል፤ ጎሉ ግን አንድ ስለሆነ ተመልካቹ ተግባብቶ ያያል። ዲጂታል ዱቤ አያውቅም። ሥዕሉ የሚመጣው በቁጥር ተጠቅልሎ ነው። ሪሲቨሩ በመንገድ የተበላሸውን ቁጥር እስከ አንድ ልክ ድረስ እያረመ ሥዕሉን ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን እጁን ያነሳል። ያን ጊዜ አጥቂው እግሩን ለምት እንዳነሳ ይደርቃል፣ ፊቱ በአራት ማዕዘን ይከታተፋል፣ ቀጥሎ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ኳሷ የት እንደገባች ለማወቅ ለጓደኛ መደወል ነው።

አሜሪካ ወደ ዲጂታል የዞረችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ትልልቆቹ ጣቢያዎች አናሎጉን የሚያጠፉበት ቀን በመጀመሪያ የካቲት ውስጥ፣ ፌብሩዋሪ 17 ተብሎ ተቆርጦ ነበር። የድሮ ቴሌቪዥን ያለው ሰው መቀየሪያ ሳጥን እንዲገዛ መንግሥት ለአንድ ቤት እስከ ሁለት የሚደርስ ባለ 40 ዶላር ኩፖን ያድል ነበር፤ ኩፖኑ የባንክ ካርድ የሚመስል ሲሆን በ90 ቀን ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቃጠል ነበር። ፈላጊው በዛና ለኩፖን የተያዘው 1.34 ቢሊዮን ዶላር ጃንዋሪ ላይ ተሟጥጦ ሕዝቡ ወረፋ ያዘ። ኮንግረስም ቀኑን ወደ ጁን 12 ገፋው። ጋሼ ወረፋው ሳይጀመር ሁለት ኩፖን ደርሷቸው ነበር። እንዳይጠፋባቸው መዝሙረ ዳዊታቸው ውስጥ አስቀመጡት፤ አልጠፋም፤ 90 ቀኑ ግን አለፈ። ኬብል ያስገቡት ያን ጊዜ ነው።

ወደ ጠፉት ቁጥሮች እንመለስ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ሁልጊዜ የሞገዱ ቁጥር አይደለም። 4 ቁጥር የሚባለው ጣቢያ ዛሬ የሚያሰራጨው በ34 ላይ ነው፤ 5 ቁጥርም በ36። ሁለቱም ዩኤችኤፍ በሚባለው መደብ ውስጥ ስላሉ የሞገዳቸው ርዝመት ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፤ መስኮት ላይ የተለጠፈች ትንሽ አንቴና ትቀልባቸዋለች። 7 እና 9 ግን አናሎጉ ሲጠፋ ወደ ጥንት ቦታቸው፣ ወደ ቪኤችኤፍ ተመለሱ። 7 ቁጥር ከ174 እስከ 180 ሜጋኸርዝ ባለው ቦታ ላይ ነው፤ የሞገዱም ርዝመት አንድ ሜትር ከሰባ ይደርሳል። ይህን የሚይዝ አንቴና እያንዳንዳቸው 42 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚዘረጉ ሁለት ቀንዶች ይፈልጋል። ዘመናዊ ነው ተብሎ የተገዛው ስስ አንቴና ያልቻለውን፣ ጋሼ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በአራት ዶላር የገዙት ባለ ቀንድ አንቴና ቻለው። 7 ገባ። 9 ገባ። ቤቱ እልል አለ።

እልልታው እስከ ራት ሰዓት ቆየ። ባለቤታቸው የኩሽናውን መብራት ሲያበሩ 9 ቁጥር ጠፋ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አጥፊው!»

«ሽንኩርቱን በምን ልየው?»

ጋሼ እውነት አላቸው። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀር የራሳቸውን ጫጫታ ወደ አየሩ ይለቃሉ፤ ጫጫታው ደግሞ ከዩኤችኤፍ ይልቅ ቪኤችኤፍን ይጎዳል። ባለቤታቸውም እውነት አላቸው፤ በጨለማ ሽንኩርት አይከተፍም። በድርድር የኩሽናው አምፖል ተለወጠ፣ የልጃቸው ቻርጀር ወደ መኝታ ቤት ተሰደደ። ቀጥሎ የተመረመረው መስኮቱ ነው። ሙቀት እንዳያስወጣ ተብሎ ስስ የብረት ሽፋን የተቀባ መስታወት የቴሌቪዥኑንም ሞገድ ይመልሳል። አንቴናው በረንዳ ላይ መውጣት አለበት።

በረንዳ ሲባል የሕንፃው አስተዳዳሪ መጣ። መልክ ያበላሻል፣ አይቻልም አለ። ጋሼ ግን ተዘጋጅተው ነበር። የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 አውጥቶ በኋላ ለተከራዮችም ባሰፋው ደንብ፣ ተከራይ ብቻውን በሚጠቀምበት በረንዳ ላይ የቴሌቪዥን አንቴና ቢተክል አከራይ ሊከለክለው አይችልም። ደንቡን ልጅየው በትልልቅ ፊደል አትሞላቸዋል። አስተዳዳሪው አነበበ፣ ገለበጠ፣ «ጣሪያ ላይ ግን አይቻልም» ብሎ ሄደ። ይህም እውነት ነው፤ ጣሪያው የጋራ ስለሆነ ደንቡ አይሸፍነውም። ጋሼ ደግሞ የጣሪያ ድርሻቸውን በልጅነታቸው ጨርሰዋል።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ የሕንፃው ባለሙያ ሆኑ። ከታች ፎቅ ያሉት ወይዘሮ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ 4 ቁጥር በድንገት ጠፍቶባቸው አዲስ ቴሌቪዥን ገዝተው ነበር። የጠፋው ግን ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2017 በተጠናቀቀው ጨረታ መንግሥት ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች የተሰበሰበ ሞገድ ለስልክ ኩባንያዎች በ19.8 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። 4 ቁጥር ያን ጊዜ የነበረበት 48 ከተሸጡት መካከል ስለሆነ ጣቢያው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ 34 ተዛወረ። ሪሞቱን አንስቶ ቻናል ፍለጋውን እንደገና ማስጀመር ይበቃ ነበር። ጋሼ ይህን ሲያስረዱ ወይዘሮዋ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «አሮጌውን ለማን እንደሰጠሁት አስታውሳለሁ» አሉ።

ዝናብና ንፋስ በሚበዛበት ቀን 7 ቁጥር አሁንም ያኮርፋል። ለዚህ ጋሼ ባልቲሞርን አገኙ። ባልቲሞር ቴሌቪዥን ሂል በሚባል ጉብታ ላይ 2፣ 11 እና 13 የተባሉት ሦስት ተፎካካሪ ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. በ1959 አንድ ማማ በጋራ አቁመው አንቴናቸውን አናቱ ላይ ጎን ለጎን ሰቀሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። 2 ቁጥር የሚያስተላልፈው 7 የሚያስተላልፈውን የኤቢሲን ፕሮግራም ነው፤ አንቴናውን ማዞር ብቻ ነው። ዋናው ዜና አንድ ሲሆን የሰፈር ዜናው ግን የባልቲሞር ነው። ጋሼ በዚህ ምክንያት መኪና ነድተውበት የማያውቁት የ695 መንገድ የት ላይ እንደተጨናነቀ አጣርተው ያውቃሉ።

ትልቁ ድል የመጣው በኳስ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የኤንቢሲ ስለሆነ፣ ብዙ ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ጨዋታ የኤንቢሲ ጣቢያ በሆነው በ4 ቁጥር በነፃ ይታያል። በኢንተርኔት የሚመጣው ሥርጭት ተቆራርጦ፣ ተጠራቅሞ፣ በየአገልጋዩ ዞሮ ስለሚደርስ ከአንቴናው ብዙ ጊዜ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይዘገያል። የሕንፃው ሐበሻ ሁሉ ከፍሎ በኢንተርኔት ያያል። ጋሼ ሳይከፍሉ ቀድመው ያያሉ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሼ «ጎል!» ብለው ሲጮኹ ታች ፎቅ ያሉት አርሰናሎች ገና የማዕዘን ምት እየጠበቁ ነበር። በዕረፍት ሰዓት አንድ ልዑክ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ እባክዎ፣ ቢያንስ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልን።»

«ግቡና እዚህ እዩ» አሉ ጋሼ። ገቡ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ገቡ። ባለቤታቸው ከኬብሉ የዳነው ገንዘብ በቡናና በቆሎ እየወጣ መሆኑን ለብቻቸው አስልተዋል።

ሰሞኑን ልጅየው አዲስ ወሬ ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የከተማዋ ትልልቅ ጣቢያዎች በ32 ቁጥር ማሰራጫ ላይ ተዳብለው ኤቲኤስሲ 3.0 በተባለው አዲስ የዲጂታል ሥርዓት ያሰራጫሉ። 32 ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራ የጀመረው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ነው፤ በአሜሪካ በጥቁሮች ባለቤትነት ሥር የዋለ የመጀመሪያው የሕዝብ ቴሌቪዥንም እሱ ነው። ማሰራጫው ዩኤችኤፍ ነው። ከተዳበሉት መካከል 7 እና 9 አሉበት።

«ታዲያ ያቺ መስኮት ላይ የምትለጠፈዋ ትይዘዋለቻ!» አሉ ጋሼ ከወንበራቸው ተነስተው።

«አንቴናዋ ትይዘዋለች አባዬ። የኛ ቴሌቪዥን ግን አዲሱን አያነብም፤ ሌላ ሳጥን መግዛት አለብህ። አንዳንዱ ጣቢያ ሥርጭቱን ስለሚቆልፈው፣ ሳጥኑም መክፈት የሚችል መሆን አለበት።»

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «ኩፖኑ መቼ ነው የሚታደለው?»

«የዚህኛው ኩፖን የለውም።»

«የዚያኛው አለ» አሉ ባለቤታቸው ከኩሽና፣ «ዳዊቱ ውስጥ።»