«ብርቅ ነው» ላለ ሁሉ

«ባልጩት ጠመንጃ አለኝ። ብርቅ ነው። ዋጋውን ንገረኝ።»

ብርቅነቱን አንተው ከፈረድክ እኔን ለምን ጠራኸኝ? መጀመሪያ ጠመንጃው ይምጣ።

«ይኸው። ባዶ ነው፣ አትፍራ።»

ማን አየው? በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ባሩዱንና አረሩን እንደያዘ ግድግዳ ላይ ትውልድ ሊያሳልፍ ይችላል፤ እንዲህ ሆነው የተገኙም ጥቂት አይደሉም። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ አስገባና እስኪቆም ድረስ ግፋው። አፉ ላይ ምልክት አድርግበት። ከዚያ አውጣና ከውጭ በቧንቧው ጎን አስተኛው። ጫፉ የእሳት ቀዳዳው አጠገብ ከደረሰ ባዶ ነው። ጥቂት ጣት ቀደም ብሎ ከቆመ ግን ጎርሷል፤ ያን ጊዜ ዋጋ ገማቹን አሰናብትና የሚያራግፍልህ ጠመንጃ ሠሪ ጥራ።

«ባዶ ነው አልኩህ። ደግሞ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፤ አሮጌ ነገር ውድ ነው።»

ድንጋይ ይበልጠዋል።

«ይሄ እኮ ድንጋይ አይደለም፤ የፔንሲልቬኒያ ረጅም ጠመንጃ ነው። ኬንታኪ የሚሉት!»

አሁን መነጋገር ጀመርን። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ከጀርመን አገር የፈለሱ ጠመንጃ ሠሪዎች ላንካስተርና አካባቢዋ ሰፍረው የሠሩት ነው። ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር የሚረዝም ቧንቧ፤ አረሩን አሽከርክሮ የሚያወጣ ጥምዝምዝ ቦይ በውስጡ፤ ሞገድ የሚመስል መስመር ያለው የሜፕል እንጨት ሰደፍ፤ በሰደፉ ጎን ደግሞ ለአረሩ የሚሆን የተቀባ ጨርቅ የሚያዝበት ባለ ናስ ክዳን ሳጥን። እያንዳንዱ ከአንድ ሠሪ ቤት በእጅ ተሠርቶ የወጣ ነው። ስለዚህ እንደ ፋብሪካ ዕቃ ሞዴሉን ጠርተህ ከዝርዝር ላይ ዋጋ አታነብለትም። የየትኛው ወረዳ እጅ ነው? እንጨቱ ላይ ቅርጽ አለው? የናሱ ሥራ የማንን ይመስላል? ጆ ኪንዲግ ጁኒየር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ሰብሳቢዎችን ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ሠሪን በእጁ መለየት። እጁን ሳትለይ ዋጋ መጥራት ደብዳቤውን ሳይከፍቱ መልስ መጻፍ ነው።

«እጁማ ታውቋል! የላንካስተሩ ጄኮብ ዲከርት ስም ተቀርጾበታል።»

የሰው ወርቅ አያደምቅም። የታወቀ ሠሪ ስም ዋጋ ስለሚያንር፣ ስም ባልነበረው ቧንቧ ላይ ስም የሚጭሩ አሉ። አጉሊ መነጽር ያዝና ፊደሉን እይ። የዘመን ጭረት በፊደሉ ላይ አልፎ ከሄደ ፊደሉ ቀድሟል። ፊደሉ የአሮጌውን ብረት ቡናማ ቆዳ ቆርጦ፣ ውስጡ ንጹሕ ብረት ካሳየ ግን ትናንት የተጻፈ ነው። ሰደፉም ይመስክር፤ ቧንቧው የአንዱ ሠሪ፣ እንጨቱ የሌላው ሊሆን ይችላል። ስም የሌለው፣ እጁ ግን የሚታወቅ ጠመንጃ፣ የውሸት ስም ካለበት በእኔ ዘንድ እጥፍ ይከበራል።

«ይሁን። ግን ከጥንትም በባልጩት የሚተኩስ ነው፤ አንድ ነገር አልተነካም።»

ዋጋው የሚቆረጠው እዚህ ላይ ስለሆነ ታገሠኝ። ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት በ1807 ሲመታ የሚፈነዳ ቅመም ለጠመንጃ እንዲሆን አደረገና ባለቤትነቱን አስመዘገበ። በ1820ዎቹ ይህን ቅመም የያዘ ትንሽ የመዳብ ቆብ ተስፋፋ። ቆቡ ዝናብ አይፈራም፤ ባልጩት ግን በጎኑ ባለችው ትንሽ ገበቴ ላይ ያለው ማቀጣጠያ ባሩድ ከረጠበ አይተኩስም። አዳኙና ገበሬው ታዲያ ጠመንጃውን ወደ ሠሪው ወሰደ። ገበቴው ተነቀለ፣ ባልጩቱ የሚጭረው ብረት ወጣ፣ በእሳት ቀዳዳው ቆብ የሚቀበል ጉብታ ተቀበረ፣ መዶሻው ተለወጠ። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ሰብሳቢ መጣና «እኔ የምፈልገው ባልጩቱን ነው» አለ። ሠሪው ያወጣውን ሌላ ሠሪ መልሶ ገጠመ።

እንግዲህ ሦስት ዓይነት ጠመንጃ አለህ። ተፈጥሮው ያልተነካው በዋጋ ከሁሉ በላይ ነው። በዘመኑ ወደ ቆብ የተለወጠው ያንሳል፤ ግን የሕይወት ታሪኩን ሳይደብቅ ይዟል። ወደ ባልጩት የተመለሰው፣ ሥራው ካማረና ሻጩ አስቀድሞ ከተናገረ፣ ጥሩ ገዢ ያገኛል። ሳይናገር እንዳልተነካ አድርጎ የሸጠው ሰው ግን አታሏል፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

መለየቱ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ምሥጢር የለውም። ለዓመታት የተተኮሰበት ባልጩት ጠመንጃ በእሳት ቀዳዳው ዙሪያ ብረቱ በእሳት ተበልቷል። ያ ቦታ ለስላሳ ከሆነ፣ ወይም ክብ የጥገና መስመር ከታየበት ጠርጥር። መዶሻውና ገበቴው የተያያዙበትን የጎኑን ሳህን አስፈታና ጀርባውን እይ፤ የተነካካ ከሆነ ተደፍነው የተወለወሉ የብሎን ቀዳዳዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ሳህኑ አርጅቶ ገበቴው ወጣት ከሆነ አንድ ላይ አልተወለዱም።

«ብርቅ ነው እያልኩህ አንተ ስለ ቀዳዳ ታወራለህ!»

ስለ ብርቅ ላውራልህ። ፓትሪክ ፈርጉሰን በ1776 ከኋላ የሚጎርስ ባልጩት ጠመንጃ አስመዘገበ፤ በቃታው ዙሪያ ያለውን ጠባቂ ብረት ስታዞረው የቧንቧው የኋላ መዝጊያ ይወርዳል። የእንግሊዝ ጦር ያሠራው መቶ ያህል ብቻ ነው። በ1777 በብራንዲዋይን ጦርነት ላይ ተተኮሰበት፤ ፈርጉሰን ራሱ በ1780 በኪንግስ ማውንቴን ሞተ። ያ ብርቅ ነው፤ ስንት እንደተሠራ ይታወቃል፣ የት እንደዋለ ይታወቃል፣ ፈላጊውም ብዙ ነው። ያንተን የሚመስል ያልታየው ጠፍቶ ነው ወይስ ፈልጎት የጠየቀ ሰው ስለሌለ? ሐራጅ ላይ ዋጋ የሚወጣው ሁለት ሰው ሲጋፋ ነው፤ አንድ ፈላጊ ብቻ ካለ በመነሻው ይወስደዋል። አምሳያ ስታጣ ደግሞ ከሰማይ ዋጋ አትቁረጥ። የዚያው አካባቢ፣ የዚያው ዘመን፣ የዚያው ይዞታ ያላቸውን ፈልግና ከእነሱ ተነሥ።

«ፈልጌያለሁ። ኢንተርኔት ላይ እሱን የመሰለ በ20 ሺህ ዶላር አይቻለሁ።»

ተሸጦ ነው ተለጥፎ? የተለጠፈ ዋጋ የሻጭ ምኞት ነው። የተሸጠበትን አምጣልኝ። እሱንም ስታነብ አስተውል፤ ብዙ ሐራጅ ቤቶች መዶሻው በወደቀበት ዋጋ ላይ ከገዢው ሃያ በመቶና ከዚያም በላይ ይጨምራሉ፣ ከሻጩም ኮሚሽን ይቆርጣሉ። ስለዚህ ገዢው የከፈለውና አንተ ኪስ የሚገባው አይገናኙም። ነጋዴውም ኪራይና ትርፍ ስላለበት ከዚያ ዝቅ አድርጎ ይጠይቅሃል። ለኢንሹራንስ የተጻፈልህ ቁጥር ቢጠፋ መተኪያው ነው፤ ስትሸጥ እሱን አትጠብቅ።

«ለገበያ ብዬ ወልውዬዋለሁ። እንዴት እንደሚያበራ እይ!»

ምነው እጅህን በያዘልኝ! ያ ቡናማ ቆዳ የሁለት መቶ ዓመት ምስክር ነበር፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ በአሸዋ ወረቀት ፈገፈግከው። የናሱን ቅርጽ በላኸው፤ እንጨቱን ቫርኒሽ አጠጣኸው። የወጣው ቆዳ አይመለስም፤ የሄደው ገንዘብም እንደዚያው። ዝገት እየበላው ከሆነ በስስ ዘይት ታስቆመዋለህ፣ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ታነሣለህ፤ ሌላውን ለባለሙያ ትተዋለህ። በዚህ ጉዳይ ለማንም አልራራም፤ ጠመንጃን ከጦር ሜዳ ይልቅ ቤት ውስጥ ያለ መወልወያ የገደለው ይበዛልና።

«ግድ የለም፤ ታሪክ አለው። የቅድመ አያቴ አባት ከጆርጅ ዋሽንግተን ጋር ዘምቶበታል።»

ላም አለኝ በሰማይ። ወረቀቱ የታለ? የዋሽንግተን የራሱ ጥንድ ባልጩት ሽጉጦች በ2002 ክሪስቲስ ሐራጅ ላይ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዋጋ አወጡ። ፈረንሳዊው የጦር መኰንን ላፋዬት ለዋሽንግተን የሰጣቸው ናቸው፤ በኋላ ወደ አንድሩ ጃክሰን ተሻገሩ፤ ጃክሰንም በኑዛዜው ለላፋዬት ልጅ እንዲመለሱ ጻፈ። ከእጅ ወደ እጅ ያለው መንገድ በጽሑፍ የተያዘ ነው፤ ገንዘቡ የተከፈለው ለዚያ መንገድ ጭምር ነው። ያንተ ቤተሰብ ኑዛዜ፣ ደብዳቤ፣ የድሮ ፎቶግራፍ ካለው ዛሬውኑ ከጠመንጃው ጋር አኑረው።

ያው መንገድ ግን ሌላም ነገር ይገልጣል፤ ዕቃው እንዴት ከባለቤቱ እጅ እንደወጣ። እኛ ይህን ከመቅደላ እናውቀዋለን። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከዚያ የዘረፈው ጋሻ በ2024 በኒውካስል ለሐራጅ ቀርቦ፣ «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ሲበረታ ከሽያጭ ወጥቶ ለአገሩ ተመልሷል። የዕቃው መነሻ ዝርፊያ ከሆነ እኔ ዋጋ አልጠራለትም።

«መሸጡ በሕግ ያስጠይቃል?»

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 የተሠራ መሣሪያ ጥንታዊ ተብሎ ከተራው የጦር መሣሪያ ደንብ ውጭ ነው፤ የየስቴቱ ሕግ ግን ይለያያልና የምትኖርበትን ጠይቅ። ሌላ አገር ከሆንክ የዚያን አገር።

«ታዲያ ስንት ያወጣል? ቁጥር ንገረኝ!»

ከወለወልከው፣ ስሙ ካልተረጋገጠ፣ ሳህኑም ካልተፈታ ቁጥር አልሰጥህም፤ የሰጠህም ሰው ገምቶልህ ሳይሆን አስደስቶህ ነው። የጎኑን ሳህን የሚፈታ፣ ያየውን ፎቶ አንሥቶ በጽሑፍ የሚሰጥ ገማች ፈልግ፤ ለድካሙም ክፈለው። ጠመንጃውን ራሱ ሊገዛህ ለሚፈልግ ሰው ግን አታስገምት።