ስትራፖ

ሰባተኛ ወሬን ከያዝኩ ወዲህ ባቴ የራሱን ኑሮ ጀምሯል። ቀን ቀን ጨዋ ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ግን ድርቅ ብሎ ይቋጠራል። መድኃኒቱማ ቀላል ነው፦ ጉልበትን ዘርግቶ የእግር ጣቶችን ወደ ቅልጥም መሳብ። ችግሩ ጣቶቼን ካየሁ ሰንብቻለሁ፤ መሀላችን ሰው ገብቷል።

ስለዚህ ባለቤቴን እቀሰቅሳለሁ። «እእ... ያልፋል» ብሎ ይገላበጣል።

ይኸው ሰው ቅዳሜ ማታ ኳስ ሲያይ ሌላ ፍጡር ነው። በሰማንያ አምስተኛው ደቂቃ አንዱ ስትራፖ ይዞት ሲወድቅ ከሶፋው ብድግ ይላል። «ጣቱን ግፉለት እንጂ!» ሕክምናውን ያውቀዋል ማለት ነው! ሜዳው ደግሞ ሲያዝን ለጉድ ነው። ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፤ ወጌሻው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይሮጣል፤ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች እንኳ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይገፋለታል። በኮሮና ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ልጆቹ እንዳይጎዱ ተብሎ ቅያሪው ከ3 ወደ 5 ከፍ አለላቸው፤ በ2022 ደግሞ ቋሚ ሕግ ሆነ። ለ90 ደቂቃ! የእኔ ጨዋታ 40 ሳምንት ነው። ተጠባባቂ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ጭማሪ ሰዓት ቢመጣም የምጫወተው እኔው ነኝ።

ይህንንስ እሺ። አማቴ ግን ባለፈው ቡና እየቀዳሁላቸው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩና «ምነው ከሳህብኝ? እንቅልፍ የለህም መሰለኝ» አሉ። እሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ «ምን ይደረግ» አላቸው። ምን ይደረግ? ጣት ይሳባ! ለእሱ እንቅልፍ ይታዘናል፤ እኔ እያነከስኩ ቶናውን አወርዳለሁ። ልጅ የተሸከመች ሴት ሕመሙ ምርቃት ሆኖ ይጨመርላታል ያለው ማነው?

አማቴ ክፉ አይደሉም። በማግስቱ ሙዝ ይዘው መጡ። ሁሉም የሚያዝልኝ ሙዝ ነው። ሐኪሞቹ ራሳቸው የነገሩን መነሻ ቁርጡን አላወቁትም፤ ማግኒዚየም የተሞከረባቸው ጥናቶችም አንዱ ረዳ ሲል ሌላው አልረዳም ይላል። (አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከቀላና ከሞቀ ግን ቀልድ የለም፣ ሐኪም ቤት ነው።) ሙዙ በፖታሲየሙ ከሆነ የሚፈለገው፣ እኩል ሲመዘን አቮካዶ ይበልጠዋል፤ አቮካዶ ይዞ ነፍሰ ጡር የሚጠይቅ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። አቮካዶ ለስፕሪስ ነው፤ ከማንጎና ከፓፓያ ጋር ተደራርቦ፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት... አሁን ደግሞ አማረኝ። ባለቤቴ ለአምሮት እንኳ ይነሳል፣ አላማውም። ጁስ ቤቱ ስንት ሰዓት ነበር የሚዘጋው?