ለማይታወቁት የማሸጊያ ደራሲ

ለ፦ በፊት ማንጫ ክሬም ማሸጊያ ላይ ለሚጽፉት ደራሲ
አድራሻ፦ አልተገለጸም
ጉዳዩ፦ የአንባቢ ምስጋናና መጠነኛ ሂስ

ክቡር ደራሲ ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ኩላሊትዎስ? የመጨረሻውን የጠየቅኩት ለወግ ያህል አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

የሥራዎችዎ የቆየ አንባቢ ነኝ። መርካቶ ከሻምፖው ጎን ተደርድረው፣ ከዱባይ በመጣ ሻንጣ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልለው፣ «የማዲያት ማጥፊያ» ተብለው በቴሌግራም ሲሸጡ አይቻቸዋለሁ። ያልተተረጎሙበት ቋንቋ የለም። ያም ሆኖ አንድም ቀን ስምዎን ጽፈውባቸው አያውቁም። ከዛሬ ጸሐፍት ይህን ያህል ትሕትና ያለው ስንቱ ነው?

አሁን አንዷ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ክዳኗ የወርቅ ቅብ ነው። ጎኗ ላይ ያለችው ልጅ በአራት ፎቶ ከጠይምነት ተነሥታ የፎቶ ኮፒ ወረቀት እስክትመስል ትገረጣለች። ካርቶኑ በአንድ አገር ተመረትኩ ይላል፣ ብልቃጡ በሌላ። በይዘት ዝርዝሩ ውኃ፣ ግሊሰሪን፣ ቫይታሚን ኢ፣ የሉል ዱቄትና ሽቶ ተጽፈዋል፤ ይህን ያነበበ ሰው ምን ይፈራል? ታዲያ ከታች፣ ያለ ማጉያ መነጽር በማይነበብ ፊደል፣ ያቺ ድንቅ ምክር ትመጣለች፦ ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር እንዳይነካካ፣ ከመቀባትዎ በፊት ጌጣጌጥዎን ያውልቁ።

እዚህ ላይ ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ። ውኃና ቫይታሚን የሚፈራ ወርቅ እስከ ዛሬ አላየንም። ወርቅ የሚሸነፈው ለሜርኩሪ ነው፤ ወርቅ አውጪዎች ደለል ውስጥ የተበተነውን የወርቅ ብናኝ የሚሰበስቡትም በእሱ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ይህችኑ ምክርዎን አንብቦ፣ እንዲህ የሚል ማሸጊያ ያየ ሰው ሜርኩሪ ይጠርጥር ብሏል። ስለዚህ ዋሽተዋል አንልዎትም። ለቀለበቱ እውነቱን ነግረውታል፤ ሳይነገራት የቀረችው ባለቀለበቷ ናት።

ሂስ ከተባለ፣ እርስዎን በጥሞና ካነበቡት አንዷ የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ናት። በ2011 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የግዛቲቱ ጤና መሥሪያ ቤት፣ የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኛ በብዛት ከሚኖርባቸው ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል ሱቆች 27 ምርቶችን ሰብስቦ አስመረመረ። 11ዱ ሜርኩሪ ተገኘባቸው። ዝቅተኛው ከሚሊዮን እጅ 135 እጅ፣ ከፍተኛው 33,000 እጅ ነበር። አሜሪካ በፊት ክሬም ውስጥ የምትታገሠው፣ ያውም ሳይታሰብ ለገባ ርዝራዥ፣ ከ1 እጅ በታች ነው።

ቁጥሩ እንዲህ በደረቁ ሲነገር አያስደነግጥም፤ በብልቃጥ ልስፈረው። 33,000 ማለት ከመቶ ከሦስት በላይ ስለሆነ፣ 30 ግራም በምትይዝ ብልቃጥ ውስጥ አንድ ግራም ገደማ ሜርኩሪ አለ ማለት ነው። ድሮ ብብታችን ሥር ይገባ የነበረው የመስታወት ቴርሞሜትር የሚይዘውም ወደዚያው ይጠጋል። ያ ቴርሞሜትር ተሰብሮ ሜርኩሪው ወለሉ ላይ ሲንከባለል፣ ትልልቆቹ «እንዳትነኩ!» ብለው ከክፍሉ ያስወጡን ነበር። እርስዎ ጠዋትና ማታ በስሱ ይቀቡት ይላሉ።

መርማሪዎቹ በምን እንደሚያነቡዎት ቢያውቁ ሳይናደዱ አይቀሩም። በእጅ የምትያዝ መሣሪያ አለች። ክሬሙ ላይ ስትደቀን ኤክስሬይ ትለቃለች፣ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገርም በየራሱ ጨረር ማንነቱን ይናገራል። በደቂቃዎች ውስጥ የሜርኩሪው መጠን መስኮቷ ላይ ይወጣል፤ የተጠረጠረው ወደ ላብራቶሪ ሄዶ ይረጋገጣል። ሌሎቹ የማንጫ ኬሚካሎች፣ ሃይድሮኪኖንና ስቴሮይድ፣ ለዚህች መሣሪያ አይታዩም፣ ሌላ ዓይነት ምርመራ ይፈልጋሉ፤ ይህንን እንደ መልካም ዜና ሊይዙት ይችላሉ። ሜርኩሪውን ግን ፋብሪካው፣ አስመጪውና ጉምሩኩ ከፈለጉ ቡና ሳይቀዳ ያገኙት ነበር። አልፈለጉም። ምርመራው ለኩላሊት ተመራ።

ኩላሊት ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ክሬምዎ ይሠራል፤ ጣጣውም እሱ ነው። ሜርኩሪ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን እንዳይመረት ያግዳል፤ ፊት ይፈካል፤ ሙሽራዋ ትደሰታለች፤ ሚዜዎቿም የክሬሙን ስም ይጠይቃሉ። ከዚያ ሜርኩሪው በቆዳ ሰርጎ ገብቶ ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል። የናይሮቢ ሐኪሞች በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰውነታቸው አብጦ፣ ከሽንታቸው ጋር ፕሮቲን እየፈሰሰ ከመጡት አዋቂ ሕሙማን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማንጫ ክሬም ተጠቃሚ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ከሆነ ከ50 ዓመት በላይ አለፈ። ሽፋኑ ተለውጧል፤ ሴራው ያው ነው።

ደግሞ ለአንዲት ገዢ ብቻ የጻፉ እንዳይመስልዎ። በ2010 በካሊፎርኒያና በቨርጂኒያ፣ ከሜክሲኮ የመጣ ክሬም የሚቀቡ ሰዎች ቤተሰብ ሲመረመር፣ ክሬሙን ተቀብተው የማያውቁ የቤቱ ሰዎችና ልጆች ሽንት ውስጥም ሜርኩሪ ተገኝቷል። ከፊት ላይ ይተናል፣ ትራስ ላይ ይቀራል፣ ፎጣ ላይ ይቀራል። የእናቱን ጉንጭ የሚስም ልጅ ድርሻውን ይወስዳል። ማሸጊያው ላይ «ለመላው ቤተሰብ» ብለው ቢጨምሩበት ማንም ውሸት አይልዎትም።

ሜርኩሪ የሌለባቸውን ሥራዎችዎንም አልናቅሁም። ሃይድሮኪኖን ያለበትን ለዓመታት የተቀባች ሴት ጉንጯ ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ሊወጣባት ይችላል። ያንን ለማጥፋት ምን ትገዛለች? ሌላ ብልቃጥ። ተከታታይ ልቦለድ ማለት ይህ ነው! ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለበት ደግሞ ቆዳን ያሳሳል፤ ደም ሥሩ ወጥቶ ይታያል፤ ልተወው ስትል ፊቷ ይቃጠላል፣ ማብረጃው ያው ክሬሙ ይሆናል።

በሕግ በኩል ግን ብዙ ተፈትነዋል። ደቡብ አፍሪካ በ1990 ሃይድሮኪኖንን ብቻ ሳይሆን «ያነጣል» የሚለውን ቃል ጭምር ከመዋቢያ ላይ ከለከለች፤ ሳንሱር ነው ብለው ሳያዝኑ አልቀሩም። አውሮፓ በበኩሏ የሜርኩሪ ሳሙናን ለራሷ ሕዝብ ነፍጋ ለአፍሪካ ሲመረት ዝም ብላ ኖራ፣ ወደ ውጭ መላኩን የከለከለችው በ2003 ነው። በሜርኩሪ በተመረዘችው የጃፓን ከተማ በሚናማታ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከሚሊዮን 1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ ከ2020 በኋላ እንዳይመረትና ድንበር እንዳይሻገር አለ። በ2023 የስምምነቱ አባል አገሮች ጄኔቫ ላይ ያቺንም 1 እጅ አንሥተው፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ በ2025 ያብቃ ብለው ወሰኑ። በ2019 አማዞን 15 ክሬሞችን ከገበያው ያወረደው ደግሞ በሚኒሶታዋ ተሟጋች በአሚራ አዳዌና በአጋሮቻቸው ጉትጎታ ነው። እርስዎ አልደነገጡም። ሕግ በወጣ ቁጥር የሚቀንሱት ሜርኩሪውን ሳይሆን ዝርዝሩን መሆኑን ለምደነዋል።

ለሚቀጥለው እትም የፋብሪካውን አድራሻና የምርመራውን ውጤት ቢያካትቱልን እንወዳለን። ቦታ ጠበበ ካሉ የልጅቷ አራተኛ ፎቶ ቢወጣ ቅር አይለንም።

ለጊዜው የቸገረኝ የዚህች ብልቃጥ ነገር ነው። እንደጠረጠርኳት ሜርኩሪ ካለባት ከቤት ቆሻሻ ጋር አትጣልም፤ ሽንት ቤትም አትደፋም። ለእርስዎ እንዳልመልሳት አድራሻ የለዎትም። የት ላድርጋት?

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎ

ግልባጭ፦
ለአምራቹ ፋብሪካ
ከሁለቱ አገሮች በአንዱ